ሒሳቡን አሳዩን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዳን የኢፍጣር ገንዘብ በእኔ እጅ ነበር። ለተምር፣ ለሳምቡሳና ለሾርባ ከየዶርሙ የተሰበሰበውን እቀበላለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ የተረፈውን ለተቸገሩ ተማሪዎች እይዛለሁ። በሃያ ምናምነኛው ሌሊት፣ ከተራዊሕ ስንወጣ፣ አንድ ፍሬሽ ተማሪ ጫማውን እያሰረ «ወንድም፣ እስካሁን ስንት ገባ? ስንትስ ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ክፋት አስቦ አልነበረም። እኔ ግን ፊቴ ተለዋወጠ። «አታምነኝም እንዴ? ሱኡ ዘን ሐራም መሆኑን አታውቅም?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀኝና ሄደ።

ወላሂ ከዚያ ገንዘብ ለራሴ አንዲት ሳንቲም አልወሰድኩም። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ ልጁ ያን ሌሊት «አይ፣ አሳየኝ» ብሎ ቢጸና ኖሮ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ግማሹ ስልኬ ውስጥ፣ ግማሹ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር።

ይህን ነገር መልሶ ያስታወሰኝ ስለ ህንድ ያደረግነው ጨዋታ ነው። ከሚያስተምሩን ህንዳውያን መምህራን አንዱ የራጃስታን ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሻይ ላይ ስለ ሀገራቸው ሙስና ጠየቅናቸው። የሚኒስትሮችን ስም ይጠሩልናል ብለን ስንጠብቅ እሳቸው የነገሩን ስለ ገጠር የቀን ሠራተኞችና ስለ አንድ የደመወዝ መዝገብ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን እየፈለግሁ አነበብኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ካነበብኩት የገባኝን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ሩፒ 15 ፓይሳ

በ1985 የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራጂቭ ጋንዲ፣ መንግሥት ለድሃው ብሎ ከሚያወጣት ከእያንዳንዷ ሩፒ ውስጥ ድሃው ዘንድ የምትደርሰው 15 ፓይሳ ያህል ብቻ እንደሆነች ተናገሩ። አንድ ሩፒ 100 ፓይሳ ናት። ቀሪው 85 ከዋና ከተማው እስከ መንደሩ ባለው መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ያለው ተቃዋሚ ወይም ጋዜጠኛ ቢሆን ኖሮ ባልገረመን። የተናገሩት የመንግሥቱ ራስ ናቸው።

ነገሩ ሥር አለው። ህንድ በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላ ለብዙ ዓመታት ፋብሪካ ለመክፈት፣ ዕቃ ከውጭ ለማስገባት፣ ምርት ለመጨመር እንኳ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ህንዶች ያንን ዘመን «ላይሰንስ ራጅ» ይሉታል፤ የፈቃድ አገዛዝ እንደ ማለት ነው። ፈቃድ ባለበት ፊርማ አለ፤ ፊርማ ባለበት ደግሞ እኛ «ለሻይ» የምንለው ነገር አለ። እነሱም ያው «ቻይ ፓኒ» ይሉታል፤ ሻይና ውኃ ማለት ነው። በ1991 ኢኮኖሚው ሲከፈት ከፈቃዱ ብዙው ቀረ። ነገር ግን መንግሥት በእጁ የያዘው መሬት፣ ማዕድንና የስልክ ሞገድ ዋጋው ሰማይ ነካ። ትንሹ ጉቦ በየቢሮው እንዳለ ሆኖ፣ ትልቁ ምዝበራ ከላይ ተጨመረ።

በ2010 የሀገሪቱ ዋና ኦዲተር፣ በ2008 ለሞባይል ኩባንያዎች የታደለው የሞገድ ፈቃድ በጨረታ ባለመሸጡ መንግሥት እስከ 1.76 ትሪሊዮን ሩፒ አጥቶ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ከእነዚያ ፈቃዶች 122ቱን ሰረዘ። በ2014 ደግሞ 214 የድንጋይ ከሰል ቦታዎች የተሰጡበትን መንገድ ሕገወጥ ነው ብሎ ሰረዘ። በሞገዱ ጉዳይ የቴሌኮም ሚኒስትሩ ታስረው ለፍርድ ቀረቡ። በ2017 ግን ልዩ ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በማስረጃ አላስረዳም ብሎ ሚኒስትሩንና አብረዋቸው የተከሰሱትን በሙሉ በነፃ አሰናበተ። ሕዝቡ ለሰባት ዓመት ያንን ግዙፍ ቁጥር ሲሰማ ኖሮ፣ በመጨረሻ ጥፋተኛ የተባለ ሰው አላየም።

አንድ ጥሩ ሰው ቢመጣ

በዚያ ንዴት መሀል በ2011 አና ሃዛሬ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሰው ደልሂ ላይ በምግብ አድማ ተቀመጡ። የጠየቁት ባለሥልጣናትን የሚመረምር፣ «ሎክፓል» የሚባል ነፃ ተቋም ነው። በነሐሴ ወር፣ ረመዳን ላይ፣ 12 ቀን ያህል ሳይበሉ ሲቆዩ አደባባዩ በወጣት ተሞላ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስማቸውን የተጻፈበት ቆብ አድርገው ወጡ። ብዙዎች «በቃ፣ ህንድ ዳነች» አሉ።

የሎክፓል ረቂቅ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርላማ የቀረበው በ1968 ነበር። ሕጉ የጸደቀው በ2013 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ሎክፓል የተሾመው ደግሞ በመጋቢት 2019 ነው። ከጥያቄው እስከ ሹመቱ 51 ዓመት!

ከንቅናቄው መሪዎች አንዱ የነበሩት አርቪንድ ኬጅሪዋል የቀድሞ የገቢዎች ሠራተኛ ናቸው። በ2012 ፓርቲ መሠረቱ፤ የፓርቲው ምልክት መጥረጊያ ነው። በ2015 በደልሂ ምክር ቤት ከ70 መቀመጫዎች 67ቱን ጠራርገው ወሰዱ። በመጋቢት 2024 ደግሞ የደልሂ ዋና ሚኒስትር እንደሆኑ በመጠጥ ንግድ ፖሊሲ ሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ክሱን አልተቀበሉም፤ ደጋፊዎቻቸው ፖለቲካዊ በቀል ነው ይላሉ። ከወራት በኋላ በዋስ ወጡ፤ በ2025 መጀመሪያ ፓርቲያቸው ደልሂን በምርጫ ተሸነፈ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። የሚሊዮኖች ተስፋ በአንድ ሰው ንጽሕና ላይ ሲንጠለጠል፣ ሰውየው ቢጠረጠር እንኳ ተስፋው አብሮት ይወድቃል።

እኛም ሀገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። ብዙ ጊዜ የምንስቅበት ይህ አባባል አንድ እውነት ይነግረናል፤ ሹመት ሰውን ይፈትነዋል፣ ፈተናውን ሁሉም አያልፈውም። ታዲያ ለምን «አላህ ጥሩ ሰው ያምጣልን» እያልን ብቻ እንቀመጣለን?

የዴቭዱንግሪ ጥያቄ

መምህራችን የነገሩን ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። በራጃስታን ድርቅ ሲመታ መንግሥት የእርዳታ ሥራ ይከፍታል፤ ሰዉ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይሠራል፣ በቀን ሒሳብ ይከፈለዋል። ሠራተኞቹ ግን በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ እንኳ አይደርሳቸውም ነበር። «ለምን?» ሲሉ «መዝገቡ ላይ የሠራችሁት ትንሽ ነው» ይባላሉ። «እንግዲያው መዝገቡን አሳዩን» ሲሉ «የመንግሥት ሚስጥር ነው» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። መልሱ ሕግ ነበረው፤ እንግሊዞች በ1923 ያወጡት የመንግሥት ሚስጥር ሕግ ገና ይሠራ ነበር።

በ1990 ዴቭዱንግሪ በምትባል ትንሽ መንደር እነዚህ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ የሠራተኞችና የገበሬዎች ኃይል ማኅበር እንደ ማለት ነው። አብረዋቸው ከነበሩት አንዷ አሩና ሮይ ናቸው። የመንግሥትን ከፍተኛ ሹመት በ1975 ትተው ገጠር የገቡ ሴት ናቸው። ማኅበሩ በ1994 መጨረሻ ሕዝባዊ ችሎት የሚመስል ስብሰባ ጀመረ። ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያ ይቀርባል፣ በብዙ ልፋት የተገኘው የደመወዝና የግንባታ መዝገብ በመንደሩ ሰው ፊት ስም በስም ይነበባል።

አስቡት እንግዲህ! ከሞተ የቆየ ሰው ስም ይጠራል፣ «ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፍሎታል» ይባላል። ከተማ ከገባ ዓመታት ያለፉት ሰው ኩሬ ሲቆፍር እንደከረመ ይነበባል። «ተሠርቶ አልቋል» የተባለ ግንባታ ሲጠራ ሰዉ ዘወር ብሎ ቦታውን ያያል፤ ባዶ ሜዳ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሴቶች ተነሥተው «ይህ ውሸት ነው፣ እኔ እዚያ ነበርኩ» ሲሉ የተማረው ሹም መልስ ያጣል። በኋላ ባሉት ስብሰባዎች የወሰዱትን ገንዘብ ሰው ፊት የመለሱ የመንደር ሹሞች ነበሩ።

የማኅበሩ መፈክር በህንድኛ «ሀማራ ፔሳ፣ ሀማራ ሒሳብ» የሚል ነው፤ ገንዘቡ የእኛ፣ ሒሳቡም የእኛ። መምህራችን ይህን ሲሉ እኛ ሳቅን፤ ቃሉ ትርጉም አላስፈለገውማ! ሒሳብ በእነሱም ሒሳብ ነው፣ በእኛም ሒሳብ ነው። ከዐረብኛ ወጥቶ በሁለቱም ቋንቋ የገባ ቃል ነው።

በ1996 እነዚህ ድሆች ቤያዋር በምትባል ከተማ 40 ቀን መንገድ ላይ ተቀመጡ። በ2000 ራጃስታን የራሷን የመረጃ ሕግ አወጣች። በ2005 መላው ህንድ የመረጃ መብት ሕግ አገኘ። በዚህ ሕግ ማንኛውም ዜጋ 10 ሩፒ ከፍሎ፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ይጠይቃል፤ ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት ጉዳይ ከሆነ በ48 ሰዓት። በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግም የሥራው መዝገብ በመንደሩ ሰው እንዲመረመር አዘዘ። ድንኳን ሥር የተጀመረው ነገር የሀገር ሕግ ሆነ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም

ይህን ሳወራ ህንድ ከሙስና ጸዳች እንዳትሉኝ። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ለ2023 ባወጣው መለኪያ ህንድ ከ100 ያገኘችው 39 ነው። የእኛዋ ኢትዮጵያ 37 አግኝታለች፤ ስለዚህ ከላይ ሆነን የምንፈርድበት ቦታ የለም። እዚያ መረጃ መጠየቅም ሆነ ማጋለጥ ሕይወት ያስከፈላቸው ሰዎች አሉ።

ሳትየንድራ ዱቤይ የእኛው ዓይነት ተማሪ ነበር፤ ከቢሃር ገጠር ተነሥቶ ካንፑር ካለው ዝነኛ የቴክኖሎጂ ተቋም በሲቪል ምሕንድስና የተመረቀ። በትልቁ የሀገሪቱ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ሲሠራ ያየውን ብልሹ አሠራር ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ጻፈ፤ ስሙ እንዲደበቅለትም ለመነ። ደብዳቤው ግን ከነስሙ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። በኅዳር 2003 ጋያ ከተማ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ፍርድ ቤት በ2010 ሦስት ሰዎችን ጥፋተኛ አደረገ፤ መርማሪዎቹ ዘረፋ ነው አሉ፤ ቤተሰቡ ግን ይህን አልተቀበለም።

ሕጉ ራሱም እየተሸረሸረ ነው። በ2019 በተደረገ ማሻሻያ የመረጃ ኮሚሽነሮችን የሥራ ዘመንና ደመወዝ መንግሥት እንዲወስን ተደረገ። በ2023 የወጣው የግል መረጃ ሕግ ደግሞ «የግል መረጃ ነው» ብሎ ለመከልከል ሰፊ በር ከፈተ፤ የደመወዝ መዝገብ ላይ ያለ ስምም የግል መረጃ ነው ከተባለ የዴቭዱንግሪ ሴቶች ዛሬ ምን ያነብባሉ?

ቢሆንም ተስፋው አልሞተም። ከ2018 ጀምሮ ኩባንያዎች ስማቸው ለሕዝብ ሳይገለጥ ለፓርቲዎች ገንዘብ የሚሰጡበት የምርጫ ቦንድ የሚባል ነገር ነበር፤ በእሱ በኩል ከ160 ቢሊዮን ሩፒ በላይ አለፈ። በየካቲት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ዳኞች ሙሉ ድምፅ ሻረው። ምክንያቱም መራጩ ፓርቲዎችን ማን እንደሚደግፋቸው የማወቅ መብት አለው የሚል ነው። በመጋቢት ዝርዝሩ ሲወጣ ትልቁን ድርሻ ገዢው ፓርቲ እንደወሰደ፣ ተቃዋሚዎችም እንደደረሳቸው፣ ከገዢዎቹ መካከል በምርመራ ላይ የነበሩ ኩባንያዎች እንዳሉ ሁሉም አየ። የመንደሩ ሰዎች ያነሡት «አሳዩን» የሚለው ጥያቄ 30 ዓመት ቆይቶ የሀገሪቱን ትልልቅ ፓርቲዎች ደረሰባቸው።

ሰው የሌለው ሰው

ለምን ይህ ለእኛ ለሙስሊም ተማሪዎች ይጻፋል? በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ሙስሊሞች ከህንድ ሕዝብ 14 በመቶ ያህል ናቸው። መንግሥት ያቋቋመው የሳቻር ኮሚቴ በ2006 ባቀረበው ሪፖርት ግን በከፍተኛው የሲቪል አስተዳደር ውስጥ ድርሻቸው 3 በመቶ፣ በፖሊስ ከፍተኛ መኮንንነት 4 በመቶ ብቻ ነበር። በእኛ አነጋገር «ቢሮ ውስጥ ሰው አለህ?» ሲባሉ አብዛኞቹ ሰው የላቸውም።

ጉቦና ዘመድ በሚሠራበት ቢሮ መጀመሪያ የሚወድቀው ሰው የሌለው ሰው ነው። ሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ዳሊቱም፣ የገጠሯ ባልቴትም፣ ስደተኛው የቀን ሠራተኛም ያው ናቸው። አንዳንዶቻችን መፍትሔው «የእኛ ሰው ሲሾም» ይመስለናል። የእኛ ሰው ሲሾምና ለእኛ ሲያዳላ ግን ሌላ ሰው የሌለው ሰው ተፈጠረ ማለት ነው። ግፉ ወንበር ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ሰው የሌለው ሰው ያለው መከታ የተከፈተ መዝገብ ነው፤ መዝገብ ሲከፈት የማንም ወገን ያነብበዋል።

ለሙስሊም ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኢብኑል ሉትቢያን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት፤ ሲመለስ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እናትና አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሚንበር ላይ ወጥተውም ለሰው ሁሉ ተናገሩ። እኔን የነካኝ በዘገባው ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት፤ ሰውየው ሲመለስ «ሓሰበሁ» ይላል፣ ተሳሰቡት ማለት ነው። ያው ሒሳብ! ሶሓባ ነው፣ የተመረጠ ሰው ነው ተብሎ አልታለፈም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው እኔ ራሴ ያነሣሁት ነው፦ «መጠየቅ ሱኡ ዘን ነው።» ሱኡ ዘን ያለ ማስረጃ ሰውን በልብ መክሰስ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ መጠየቅ ግን ማንንም አይከስም፤ እንዲያውም ንጹሑን ሰው ከሐሜት የሚያድነው እሱ ነው። ሁለተኛው «የሙስሊምን ነውር መሸፈን ይገባል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የወንድማችን የግል ኃጢአት ይሸፈናል። የሕዝብ ገንዘብ ግን የግል ነውር አይደለም፤ ባለቤት ያለው ሐቅ ነው። የተራበን ሰው ገንዘብ በሲትር ስም መሸፈን ለበይው ማዘን፣ በተራበው ላይ መጨከን ነው።

ከራሳችን ሣጥን

ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ዳኛ፣ የገቢዎች ሠራተኛ የሚሆን አለ። ሀገራችንም የመረጃ ነፃነትን የሚደነግግ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 590/2000። ስንቶቻችን አንብበነዋል? ስንቶቻችንስ አንድ ቀን እሱን ጠቅሰን ጠይቀናል? ነገር ግን ከቢሮው በፊት የምንለማመድበት ቦታ አለን። የጀመዓችን የመዋጮ ሣጥን ነው።

እኔ ከራሴ ጀመርኩ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ቁጭ ብዬ የረመዳኑን ሒሳብ ከስልኬ፣ ከደረሰኝና ከማስታወሻ ለቃቅሜ ሠራሁት። 640 ብር የት እንደገባ ማወቅ አልቻልኩም። አልበላሁትም። ግን አልበላሁም ብዬ ከመማል በቀር የማሳየው የለኝም፤ መሐላ ደግሞ ሒሳብ አይሆንም። ገንዘቡን ከራሴ ተክቼ ወረቀቱን ለአሚራችን ሰጠሁ። ያንን ፍሬሽ ተማሪም ፈልጌ አፉ በለኝ አልኩት። «እኔማ የጠየቅኩህ ጎደሎ ካለ ለማዋጣት ነበር» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን እፍረት አልረሳውም።

ስለዚህ ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነገር ነው። ገንዘብ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ፊርማ ይግባ፣ ይውጣ። በየወሩ መጨረሻ የገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ተጽፎ መስገጃችን በር ላይ ይለጠፍ፤ የተረዱ ተማሪዎች ስም ግን አይጻፍ፣ ክብራቸው ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ የጠየቀ ሰው አይገሠጽ፤ ፍሬሽም ይሁን እህት ከኋላ ሰፍ ትጠይቅ፣ መልሱ «ጀዛከላሁ ኸይር፣ ና እይ፣ ነይ እዪ» ይሁን።

የዴቭዱንግሪ ሰዎች ሲጀምሩ ሥልጣንም ገንዘብም አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ፊደልም አልቆጠሩም። የነበራቸው ጥያቄ ብቻ ነው። እኛ ፊደል ቆጥረናል፤ በዚያ ላይ በየውመል ሒሳብ እናምናለን። ያን ቀን መዝገባችን ሲከፈት የማንክደው ከሆነ፣ እዚህ ዱንያ ላይ ለወንድማችን መክፈት ለምን ይከብደናል?

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን የሚጠብቁ ያድርገን። በህንድም፣ በሀገራችንም፣ በየትም ላለ ሰው ለሌለው ሰው ፍትሕን ያቅርብለት። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።